የትንሿ አገር ዲፕሎማት

የትምህርቱ ዓላማ፦ ይህን ትምህርት ካጠናቀቃችሁ በኋላ የዲፕሎማት ሥራ ምን እንደ ሆነ በራሳችሁ አባባል ለመግለጽ፣ የምንባቡን ዋና ዋና ሐሳቦች ለይታችሁ ለማውጣት፣ የአዳዲስ ቃላትን ፍች ከዐውደ ንባቡ ለመገመት፣ እንዲሁም በተሰጣችሁ ርእስ ድርሰት ለመጻፍ ትችላላችሁ።

ሀ. ከንባብ በፊት የሚቀርቡ ጥያቄዎች

ምንባቡን ከማንበባችሁ በፊት በሚከተሉት ጥያቄዎች ላይ በቡድን ተወያዩ።

1. ከባሕር ማዶ ወደ አገራችን የሚመጣው ዕቃ በአብዛኛው በየት በኩል የሚገባ ይመስላችኋል?
2. “ከሩቅ ዘመድ የቅርብ ጎረቤት ይሻላል” የሚለው ምሳሌያዊ አነጋገር በአገሮች መካከል ላለው ግንኙነት ይሠራልን? ለምን?
3. ሕዝቧ ጥቂት፣ መሬቷ ጠባብ የሆነች አገር ከታላላቅ መንግሥታት ጋር በእኩልነት ለመነጋገር ምን ያስፈልጋታል?

ለ. ምንባብ

የካቲት 8 ቀን 2017 ዓ.ም. የአፍሪካ አገሮች መሪዎች በአዲስ አበባ ከተማ በአፍሪካ ኅብረት አዳራሽ ተሰብስበው በምስጢር ድምፅ ይሰጡ ነበር። የሚመርጡት የኅብረቱን ኮሚሽን ለአራት ዓመታት የሚመራ ሊቀ መንበር ነው። ተራው የምሥራቅ አፍሪካ ስለ ነበረ ለውድድር የቀረቡት ዕጩዎች ሦስቱም ከዚሁ ክፍል የመጡ ናቸው። አንደኛው የኬንያ የቀድሞ ጠቅላይ ሚኒስትር ራይላ ኦዲንጋ፣ ሁለተኛው የማዳጋስካር የቀድሞ የውጭ ጉዳይ ሚኒስትር ሪቻርድ ራንድሪያማንድራቶ፣ ሦስተኛው ደግሞ የጅቡቲ የውጭ ጉዳይ ሚኒስትር ማሕሙድ ዓሊ ዩሱፍ ነበሩ።

በመጀመሪያዎቹ ሁለት ዙሮች ብልጫ ያገኙት ኦዲንጋ ነበሩ። ዝናቸው በአህጉሩ ሁሉ የታወቀ፣ አገራቸውም ሰፊና ባለ ብዙ ሕዝብ ስለ ነበረች ይህ ማንንም አላስገረመም። ከሦስተኛው ዙር ጀምሮ ግን ሚዛኑ ወደ ጅቡቲው ዕጩ አዘነበለ። ከስድስተኛው ዙር በኋላ ኦዲንጋ ከውድድሩ ወጡ። ነገር ግን ደንቡ አሸናፊው ከመራጮቹ የሁለት ሦስተኛውን ድምፅ እንዲያገኝ ስለሚያዝ፣ ብቻቸውን የቀሩት ዕጩ እንደ ገና ለሰባተኛ ጊዜ ለድምፅ ቀረቡ። በዚህም ዙር ድምፅ ከሚሰጡት 49 አገሮች የ33ቱን ድምፅ አግኝተው ተመረጡ። የሕዝቧ ቁጥር አንድ ሚሊዮን ገደማ የሆነው የጅቡቲ ልጅ የ55 አገሮች ኅብረት ኮሚሽን ሊቀ መንበር ለመሆን በቃ።

ይህ እንዴት ሊሆን ቻለ? መልሱን ለማግኘት ወደ ኋላ መለስ ብሎ የሰውየውን የሥራ ዘመን፣ ከዚያም በላይ የተወለዱባትን ከተማ ታሪክ መመልከት ያስፈልጋል።

ማሕሙድ ዓሊ ዩሱፍ በነሐሴ 1957 ዓ.ም. በጅቡቲ ከተማ ተወለዱ። ያን ጊዜ ጅቡቲ በፈረንሳይ ቅኝ ግዛት ሥር ነበረች። ከተማይቱ የተመሠረተችው በቀይ ባሕርና በኤደን ባሕረ ሰላጤ መገናኛ አጠገብ፣ መርከቦች በሚተላለፉበት ታላቅ መንገድ ዳር ነው። ምድሯ ደረቅና ሐሩራማ በመሆኑ እርሻ አይስማማትም። የዳበረችው ወደቧ ከበስተኋላዋ ካለው ሰፊ አገር፣ ማለትም ከኢትዮጵያ ጋር በመገናኘቱ ነው። ዳግማዊ አፄ ምኒልክ በ1886 ዓ.ም. በሰጡት ፈቃድ መሠረት የተጀመረው የምድር ባቡር ሐዲድ በ1895 ዓ.ም. ድሬዳዋ፣ በ1909 ዓ.ም. ደግሞ አዲስ አበባ ደረሰ። ከዚያን ጊዜ ጀምሮ የሁለቱ ከተሞች ኑሮ በአንድ ሐዲድ ተሳሰረ። ከሐዲዱም አስቀድሞ ቢሆን የአፋርና የሶማሌ ሕዝቦች በድንበሩ ወዲህና ወዲያ ሲኖሩ፣ ግመሎቻቸውን እየነዱ ጨውና ሌላ ሸቀጥ ሲለዋወጡ ነበር።

ጅቡቲ ሰኔ 20 ቀን 1969 ዓ.ም. ነፃነቷን ስታገኝ ማሕሙድ ገና 12 ዓመት ያልሞላቸው ልጅ ነበሩ። አዲሲቱ ሪፐብሊክ የተወለደችው በክፉ ቀን ነው። በኢትዮጵያና በሶማሊያ መካከል ጦርነት ሊፈነዳ ተቃርቦ ነበር፤ የባቡሩም መስመር በዚያው ሰሞን ተቆርጦ የወደቡ ሥራ ቀዘቀዘ። አዲሱ መንግሥት በሁለት ተዋጊ ጎረቤቶች መካከል ተቀምጦ ከአንዱ ወግኖ ሌላውን ከማስቀየም መቆጠብ ነበረበት። የጅቡቲ የውጭ ፖሊሲ የመጀመሪያ ትምህርት የተገኘው ከዚህ ነው፤ ይኸውም ትንሽ አገር የምትኖረው ጎረቤቶቿ ሲታረቁ እንጂ ሲጣሉ አይደለም የሚል ነው።

ይህ ትምህርት በተግባር የታየው በ1978 ዓ.ም. ነበር። በ1977 ዓ.ም. በምሥራቅ አፍሪካ የደረሰው ታላቅ ድርቅና ረሀብ ብዙ ሕዝብ ከፈጀ በኋላ፣ ድርቅ ድንበር የማያግደው ጠላት መሆኑን የአካባቢው መንግሥታት ተገነዘቡ። ስለዚህም በጥር ወር 1978 ዓ.ም. ጅቡቲ፣ ኢትዮጵያ፣ ኬንያ፣ ሱዳን፣ ሶማሊያና ዩጋንዳ ድርቅን በኅብረት ለመከላከልና ልማትን ለማፋጠን የሚያስችል የበይነ መንግሥታት ድርጅት በጅቡቲ ከተማ አቋቋሙ። መቀመጫውም እዚያው እንዲሆን ተወሰነ። በዚሁ ስብሰባ ላይ ከጦርነቱ በኋላ ፊት ለፊት ተገናኝተው የማያውቁት የኢትዮጵያና የሶማሊያ መሪዎች፣ መንግሥቱ ኃይለ ማርያምና መሐመድ ዚያድ ባሬ፣ በጅቡቲው ፕሬዚዳንት በሐሰን ጉሌድ አማካይነት ተገናኝተው ተነጋገሩ። ንግግሩም ሁለት ዓመት ያህል ቆይቶ በመጋቢት 1980 ዓ.ም. ፍሬ ሰጠ፤ ሁለቱ መንግሥታት ግንኙነታቸውን ለማደስና ጦራቸውን ከድንበር ለማራቅ ተስማሙ። ስለ ዝናብና ስለ እህል ለመምከር የተጠራ ጉባኤ የዕርቅ በር ከፈተ ማለት ነው። ድርጅቱም ከጊዜ በኋላ ተሻሽሎ፣ በሥራው ላይ ሰላምንና የኤኮኖሚ ትብብርን ጨምሮ፣ ኢጋድ በሚለው አጭር ስሙ ለመታወቅ በቃ።

ማሕሙድ በዚህ ዘመን በትምህርት ላይ ነበሩ። በፈረንሳይ፣ በእንግሊዝና በካናዳ ቋንቋንና አስተዳደርን ተምረዋል። ዐረብኛን፣ ፈረንሳይኛንና እንግሊዝኛን አቀላጥፈው ይናገራሉ። የዲፕሎማት ዋናው መሣሪያ ቃል በመሆኑ ይህ ቀላል ስንቅ አልነበረም። በአስተርጓሚ የሚነጋገር ሰው ሐሳቡን ያስተላልፋል፤ በተነጋጋሪው ቋንቋ የሚነጋገር ግን ልቡን ጭምር ለማስተላለፍ ይችላል።

ትምህርታቸውን ፈጽመው ወደ አገራቸው ከተመለሱ በኋላ በውጭ ጉዳይ ሚኒስቴር ተቀጠሩ፤ የዐረብ አገሮችንም ጉዳይ የሚከታተለውን ክፍል በኃላፊነት መሩ። እ.ኤ.አ. ከ1997 እስከ 2001 በግብፅ የጅቡቲ አምባሳደር ሆነው በካይሮ ተቀመጡ። ካይሮ የዐረብ ሊግ መቀመጫ ስለ ሆነች፣ በዚያ የሚያገለግል አምባሳደር ከአንድ መንግሥት ጋር ብቻ ሳይሆን ከብዙ መንግሥታት መልእክተኞች ጋር በየቀኑ ይገናኛል።

አምባሳደር በውጭ አገር ምን ይሠራል? ብዙ ሰው አምባሳደርን በግብዣና በሥነ ሥርዓት ቦታ ብቻ የሚታይ ባለሥልጣን አድርጎ ይገምተዋል። እውነቱ ግን እንዲህ አይደለም። አምባሳደር የመንግሥቱን ሐሳብ ሳይቀንስና ሳይጨምር ለተላከበት መንግሥት ያስረዳል፤ የዚያንም መንግሥት ሐሳብ ለራሱ መንግሥት በትክክል ይጽፋል። የሚጽፈው መንግሥቱ ለመስማት የሚወደውን ሳይሆን ማወቅ የሚገባውን ነው። የዜጎቹን መብት ያስጠብቃል፤ ንግድ እንዲስፋፋ ይጥራል፤ አለመግባባት ሲፈጠርም ነገሩ ሳይከር እንዲበርድ ያደርጋል። ሥራው በመልካም ሁኔታ ሲከናወን የሚታይ ነገር የለም፤ ሳይከናወን ሲቀር ግን ጉዳቱ ለሁሉም ይታያል።

ማሕሙድ በ1993 ዓ.ም. ወደ አገራቸው ተጠርተው የዓለም አቀፍ ትብብር ሚኒስትር ዴኤታ ሆኑ፤ በግንቦት 1997 ዓ.ም. ደግሞ የውጭ ጉዳይና የዓለም አቀፍ ትብብር ሚኒስትርነት ሹመት ተሰጣቸው። በዚህ ኃላፊነት ላይ 20 ዓመት ያህል ቆይተዋል። በዚህ ዘመን ካጋጠሟቸው ጉዳዮች አራቱን ብንመለከት የሥራውን ክብደት ለመረዳት እንችላለን።

የመጀመሪያው የሶማሊያ ጉዳይ ነው። የሶማሊያ መንግሥት ከፈረሰ በኋላ ጅቡቲ ተፋላሚዎቹን ለማስታረቅ በተደጋጋሚ ጥራለች። በ1992 ዓ.ም. አርታ በተባለችው ከተማ ታላቅ የዕርቅ ጉባኤ ተደርጎ ነበር። በ2000 ዓ.ም. ደግሞ የሽግግሩ መንግሥትና ተቃዋሚዎቹ በተባበሩት መንግሥታት ድርጅት አማካይነት በጅቡቲ ከተማ ተነጋግረው ስምምነት ፈረሙ። የሶማሊያ ምክር ቤትም በጥር 2001 ዓ.ም. በዚያችው ከተማ ተሰብስቦ ሼክ ሸሪፍ አሕመድን ፕሬዚዳንት አድርጎ መረጠ። ጅቡቲ በሰላም አስከባሪው ኃይል ውስጥ ወታደሮቿን በማሰለፍም ድርሻዋን አበርክታለች።

ሁለተኛው ከኤርትራ ጋር የተነሣው የድንበር ጠብ ነው። በሰኔ 2000 ዓ.ም. የሁለቱ አገሮች ወታደሮች ራስ ዱሜራ በተባለው ስፍራ ተታኮሱ፤ የሰውም ሕይወት ጠፋ። ጅቡቲ ጠቡን በጦር ከመቀጠል ይልቅ ጉዳይዋን ወደ ተባበሩት መንግሥታት ድርጅት የጸጥታ ምክር ቤትና ወደ አፍሪካ ኅብረት ይዛ ቀረበች። በ2002 ዓ.ም. ኳታር በሽምግልና ገብታ ሰላም አስከባሪ ወታደሮች በስፍራው አኖረች። ወታደሮቹ በ2009 ዓ.ም. ድንገት ሲወጡ ውጥረቱ እንደ ገና ቢነሣም፣ ጅቡቲ አሁንም አቤቱታዋን ለአፍሪካ ኅብረት አቀረበች እንጂ ጦር አላዘመተችም። ጳጉሜን 1 ቀን 2010 ዓ.ም. የኢትዮጵያ፣ የኤርትራና የሶማሊያ የውጭ ጉዳይ ሚኒስትሮች አብረው ጅቡቲ ገቡ፤ ጅቡቲና ኤርትራም ግንኙነታቸውን ለማደስ ተስማሙ። አሥር ዓመት የቆየ ኩርፊያ ለንግግር በር ተከፈተለት።

ሦስተኛው ከኢትዮጵያ ጋር ያለው የኤኮኖሚ ትብብር ነው። በግንቦት 1990 ዓ.ም. በኢትዮጵያና በኤርትራ መካከል ጦርነት ከተነሣ ወዲህ የኢትዮጵያ የወጪና የገቢ ንግድ ከሞላ ጎደል በጅቡቲ በኩል የሚያልፍ ሆኗል። መስከረም 25 ቀን 2009 ዓ.ም. 750 ኪሎ ሜትር ያህል ርዝመት ያለው አዲሱ በኤሌክትሪክ የሚሠራ የባቡር መስመር በአዲስ አበባ ተመረቀ። እ.ኤ.አ. ከ2011 ጀምሮ ኢትዮጵያ ለጅቡቲ የኤሌክትሪክ ኃይል ትሸጣለች። በኢትዮጵያ ሶማሌ ክልል ከሚገኘው ከሐደጋላ የሚወጣውም የጉድጓድ ውሃ 100 ኪሎ ሜትር ያህል በቧንቧ ተጉዞ ለጅቡቲ ከተሞች ይደርሳል፤ መስመሩ በቀን እስከ 100,000 ሜትር ኩብ ውሃ እንዲያስተላልፍ ታስቦ የተሠራ ነው። እንግዲህ አንዱ ወደብ ሲሰጥ ሌላው ብርሃንና ውሃ ይሰጣል።

ይሁን እንጂ በጎረቤታሞች መካከል ያለ ጥቅም ሁልጊዜ ያለ ክርክር አይሄድም። ኢትዮጵያ በአንድ በር ብቻ መተማመን ያሰጋታል፤ የወደብ ወጪውም ይከብዳታል። ጅቡቲ ደግሞ ዋና ደንበኛዋ ወደ ሌላ ወደብ ፊቷን ያዞረች እንደ ሆነ ኑሮዋ ይናጋል። በታኅሣሥ 2016 ዓ.ም. ኢትዮጵያ ከሶማሌላንድ ጋር የባሕር በር የሚመለከት የመግባቢያ ሰነድ በመፈራረሟ ከሶማሊያ ጋር ብርቱ አለመግባባት ተነሣ። በዚያው ዓመት መጨረሻ ማሕሙድ የታጁራን ወደብ ኢትዮጵያ እንድታስተዳድረው አገራቸው ለመፍቀድ ዝግጁ መሆኗን በይፋ ገለጹ። ሐሳቡ የአካባቢውን ውጥረት ለማርገብ የታሰበ ቢሆንም የጅቡቲንም ጥቅም የሚያስጠብቅ ነበር። ብልህ ዲፕሎማት የሚያቀርበው ሐሳብ የሌላውን ችግር የሚያቃልል፣ የራሱንም አገር የማይጎዳ ነው። አንዱን ብቻ የሚጠቅም ስምምነት ዕድሜው አጭር ነው።

አራተኛው የሱዳን ጉዳይ ነው፤ በዚህም ላይ ጥረት ሁሉ ፍሬ እንደማይሰጥ እንማራለን። በሚያዝያ 2015 ዓ.ም. በሱዳን የእርስ በርስ ጦርነት ፈነዳ። በዚያው ዓመት ጅቡቲ የኢጋድን የሊቀ መንበርነት ተራ ስለ ተረከበች፣ ተዋጊዎቹን የማስታረቁ ሥራ በትከሻዋ ላይ ወደቀ። በኅዳር መጨረሻ 2016 ዓ.ም. የኢጋድ መሪዎች በጅቡቲ ተሰብስበው የሁለቱን ወገኖች የጦር መሪዎች ፊት ለፊት ለማገናኘት ተነጋገሩ። ግንኙነቱ በታኅሣሥ ወር እንዲሆን ቀን ተቆርጦ ነበር፤ ነገር ግን ቀኑ ሲደርስ ተላለፈ። በጥር ወር የሱዳን መንግሥት የኢጋድ አባልነቱን ራሱ ማገዱን አስታወቀ፤ የታሰበውም ግንኙነት ሳይፈጸም ቀረ። አስታራቂ በር ለመክፈት ይችላል፤ ባለጉዳዮቹን እጃቸውን ይዞ በግድ ለማስገባት ግን አይችልም። የሰላም ዋጋ የሚታወቀው እንዲህ ባለው ጊዜ ነው፤ ዲፕሎማቶች ያልተስማሙበትን ጉዳይ የሚከፍለው ከቤቱ የተፈናቀለው ሕዝብ ነውና።

ከእነዚህ ጉዳዮች ሁሉ ጋር ጅቡቲ የታላላቅ መንግሥታትን ፍላጎት በሚዛን መጠበቅ ነበረባት። ፈረንሳይ፣ አሜሪካ፣ ጃፓን፣ ኢጣሊያና ቻይና በዚያች ጠባብ ምድር ላይ የጦር ሰፈር አቋቁመዋል። በሌላው ዓለም የሚፎካከሩ መንግሥታት በአንዲት ከተማ ዙሪያ ጎን ለጎን እንዲቀመጡ ማድረግ የማያቋርጥ ጥንቃቄ የሚጠይቅ ሥራ ነው። አንዳንዶች ይህን የአገር ሉዓላዊነት የሚያስደፍር ነው ብለው ይነቅፉታል፤ ሌሎች ደግሞ ትንሽ አገር ራሷን የምትጠብቅበት ዘዴ ነው ብለው ይደግፉታል።

እንግዲህ በየካቲት 2017 ዓ.ም. ድምፅ የሰጡት መሪዎች የመረጡት በብዙ ድርድር ላይ ተቀምጦ ማዳመጥን የለመደ ሰው ነው። ማሕሙድ ዓሊ ዩሱፍ በመጋቢት ወር አዲሱን ሥራቸውን በአዲስ አበባ ጀመሩ። ከዚህ በኋላ ግን ፈተናው ሌላ ነው። የኮሚሽኑ ሊቀ መንበር ከየትኛውም መንግሥት፣ ከገዛ አገሩም ቢሆን፣ ትእዛዝ እንዲቀበል ደንቡ አይፈቅድለትም። ለ20 ዓመታት ያህል ስለ አንዲት አገር ሲናገሩ የኖሩ ሰው ከእንግዲህ ስለ 55 አገሮች መናገር ይጠበቅባቸዋል።

በዚህ ታሪክ ውስጥ አንድ ልብ የሚባል ነገር አለ። በ2010 ዓ.ም. ጳጉሜን ላይ ለዕርቅ ወደ ጅቡቲ የሄዱት የኢትዮጵያ የውጭ ጉዳይ ሚኒስትር ዶክተር ወርቅነህ ገበየሁ በኅዳር 2012 ዓ.ም. የኢጋድ ዋና ጸሐፊ ሆነው ተሾሙ፤ መሥሪያ ቤታቸውም ጅቡቲ ከተማ ሆነ። ያን ጊዜ የተቀበሏቸው የጅቡቲው ሚኒስትር ደግሞ በ2017 ዓ.ም. መሥሪያ ቤታቸውን አዲስ አበባ አደረጉ። ኢትዮጵያዊው በጅቡቲ፣ ጅቡቲያዊው በአዲስ አበባ፣ ሁለቱም ለጋራ ጉዳይ ሊያገለግሉ ተቀመጡ። በ1909 ዓ.ም. ሐዲድ ያገናኛቸው ሁለት ከተሞች ከመቶ ዓመት በኋላ ሰውን ከሰው ጋር አገናኙ።

ጎረቤትን መርጦ የሚያገኝ አገር የለም፤ ከጎረቤቱ ጋር እንዴት እንደሚኖር ግን ሁሉም ይመርጣል። ምርጫውን በጥበብ እንዲያደርግ የሚረዱት ቋንቋ አውቀው፣ ታሪክ መርምረው፣ ትዕግሥትን ገንዘብ አድርገው የሚሠሩ ሰዎች ናቸው። እንዲህ ያሉት ሰዎች ደግሞ የሚወጡት ዛሬ በየክፍሉ ተቀምጠው ከሚያነቡት ተማሪዎች መካከል ነው።

ሐ. የቃላት ፍች

ዕጩ፦ ለሹመት ወይም ለምርጫ የቀረበ ሰው
ዙር፦ ተራ፤ ተደጋግሞ ከሚደረግ ነገር አንዱ ጊዜ
ሐሩራማ፦ ሙቀት የበዛበት
በይነ መንግሥታት፦ በመንግሥታት መካከል ያለ፣ መንግሥታትን የሚያገናኝ
ስንቅ፦ ለመንገድ የሚያዝ ምግብ፤ በምንባቡ ግን ለሥራ የሚረዳ ዝግጅት
ውጥረት፦ ጠብ ሊያስነሣ የተቃረበ ሁኔታ
ማርገብ፦ የተወጠረን ማላላት፣ ማብረድ
ሉዓላዊነት፦ አገር በራስዋ ጉዳይ ላይ ያላት የበላይ ሥልጣን
ተፋላሚ፦ የሚዋጋ፣ ተቃራኒ ወገን

መ. የመረዳት ጥያቄዎች

የሚከተሉትን ጥያቄዎች በምንባቡ መሠረት በተሟላ ዓረፍተ ነገር መልሱ።

1. ዕጩው ብቻቸውን ከቀሩ በኋላም ሰባተኛ ዙር ድምፅ መስጠት ለምን አስፈለገ?
2. ጅቡቲ ነፃነቷን ባገኘችበት ወቅት ከጎረቤቶቿ ጋር በነበራት ግንኙነት ምን ችግር ገጠማት?
3. ስለ ድርቅ ለመምከር የተጠራው ጉባኤ “የዕርቅ በር ከፈተ” የተባለው ስለ ምንድን ነው?
4. አምባሳደር ለመንግሥቱ የሚጽፈው “ለመስማት የሚወደውን ሳይሆን ማወቅ የሚገባውን ነው” ሲባል ምን ማለት ነው?
5. ኢትዮጵያና ጅቡቲ አንዳቸው ለሌላቸው የሚሰጡትን ጥቅም ዘርዝሩ። የሚያሰጋቸውስ ምንድን ነው?
6. ከሱዳን ጉዳይ የምንማረውን ቁም ነገር በሦስት ዓረፍተ ነገር ግለጹ።

ሠ. የሰዋስው መልመጃ

“ጉዳይዋን ለአፍሪካ ኅብረት አቀረበች እንጂ ጦር አላዘመተችም” በሚለው ዓረፍተ ነገር ውስጥ “እንጂ” አንዱን ሐሳብ አጽድቆ ሌላውን ያፈርሳል። በዚህ ዓይነት “እንጂ” የሚለውን ቃል በመጠቀም የሚከተሉትን ጥንድ ዓረፍተ ነገሮች አያይዙ።

1. አስታራቂ ይመክራል። አስታራቂ አያስገድድም።
2. ሰላም በንግግር ይገኛል። ሰላም በጠብ አይገኝም።
3. ዲፕሎማቱ አዳመጠ። ዲፕሎማቱ አልተቆጣም።

ረ. የክርክርና የድርሰት መልመጃ

1. “ትንሽ አገር ለታላላቅ መንግሥታት የጦር ሰፈር መፍቀዷ ይጠቅማታል ወይስ ይጎዳታል?” በሚለው ርእስ ክፍላችሁ በሁለት ወገን ተከፍሎ ይከራከር። እያንዳንዱ ተከራካሪ ሐሳቡን በምክንያት ያስደግፍ፤ የተቃራኒውን ወገን ሐሳብ ሳያቋርጥ ያዳምጥ።

2. በመንደራችሁ ወይም በቤተሰባችሁ ተጣልተው የነበሩ ሁለት ጎረቤቶች በሽማግሌ የታረቁበትን ሁኔታ አስታውሱ። ሽማግሌዎቹ ምን አሉ? መቼስ ዝም አሉ? ይህን በማሰብ “ሽምግልናና ዲፕሎማሲ” በሚል ርእስ ከአንድ ገጽ ያላነሰ ድርሰት ጻፉ። የሰዎቹን ስም አትጥቀሱ።